ልጃቸው ጋንጃ ይሸጣል ብለው የጠረጠሩ ወላጆች ለፖሊስ ይጠቁሙ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

የዛሬውን ርዕስ ያመጣችው አንዲት እህታችን ናት። ታናሽ ወንድሟ 16 ዓመቱ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጸባዩ ተለውጧል። ለፈጅር አይነሳም፤ ማታ ማታ የማይታወቁ ልጆች በር ላይ እየመጡ ሁለት ደቂቃ አውርተውት ይሄዳሉ፤ ማን እንደገዛለት የማይታወቅ ስልክ ይዟል። በመጨረሻ እናቱ ጃኬቱን ሊያጥቡ ሲሉ ኪሱ ውስጥ ትንንሽ ባዶ የላስቲክ ከረጢቶች አገኙ። አባት እጁን ይዤ ጣቢያ አስረክበዋለሁ ብለዋል፤ አላህ በዘመድ ላይም ቢሆን በፍትሕ እንድንቆም አዞናል ነው የሚሉት። እናት ደግሞ የሙስሊምን ነውር መሸፈን ያለውን አጅር እያነሱ፣ ልጄን ለእስር ቤት አልወለድኩትም ብለው ያለቅሳሉ። "ሁለቱም በዲን ነው የሚናገሩት፤ እኔ መሐል ላይ ቆሜ ቀረሁ" ትላለች እህታችን።

የዚህ ገጽ ተከታታይ አብዛኛው ወጣት ስለሆነ "ይህ የወላጆች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?" የሚል ይኖራል። ሰፈር ውስጥ ማን ምን እንደሚሸጥ ከአባትና ከእናት ቀድሞ የሚያውቀው ግን ወንድም ነው፣ እህት ናት፣ አብሮ የሚማር ጓደኛ ነው። ይህን የሚያነብ ሆኖ ራሱ የሚሸጥም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አብረን እንየው።

አንዱን ነገር በአጭሩ እንዝጋው። ጋንጃ ሐራም ነው ወይ የሚለው ክርክር ያለቀ ነው። "ቅጠል ነው፣ ያበቀለው አላህ ነው፣ ቁርአን ውስጥ ስሙ የለም" የሚለውን ሁላችንም ሰምተነዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሚያሰክር ነገር ሁሉ ኸምር እንደሆነ፣ ኸምርም ሁሉ ሐራም እንደሆነ አስተምረዋል፤ ሙስሊም ዘግቦታል። በ1328 እ.ኤ.አ. የሞቱት ኢብኑ ተይሚያ በዘመናቸው ሐሺሽ ሲስፋፋ አይተው ከኸምር ጋር አንድ አድርገው አውግዘውታል። ኢማም ዘርከሺም ሐሺሽ ሐራም ስለመሆኑ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። በኸምር ጉዳይ የተረገሙት አስር ወገኖች በተዘረዘሩበት ሐዲስ ውስጥ ደግሞ ጠጪው ብቻ አይደለም ያለው፤ ሻጩ፣ ተሸካሚውና ዋጋውን የሚበላው አብረው ተቆጥረዋል። "እኔ አላጨስም፣ የማደርሰው ብቻ ነው" የሚል ልጅ ይህን ይስማ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ።

እህታችን የዘረዘረችው ሁሉ ጥርጣሬ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ብዙውን ጥርጣሬ እንድንርቅ፣ ከፊሉ ጥርጣሬ ኃጢአት እንደሆነ፣ አንዳችን የሌላችንን ምስጢር እንዳንሰልል አዞናል። ሱረቱል ኢስራእ ላይም እውቀት የሌለህን ነገር አትከተል፣ ጆሮም ዓይንም ልብም ይጠየቁበታል የሚል መልእክት አለ። እንግዲህ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው። አዲስ ስልክ? በእግር ኳስ ቤቲንግ አንድ ቅዳሜ በልቶ ስልክ የቀየረ ስንት ልጅ አለ። (እሱም ሐራም ነው፣ ግን ሌላ ሐራም ነው።) የጋንጃ ሽታ? ማጨሱን ወይም ከሚያጨሱ ጋር መዋሉን ያሳያል እንጂ መሸጡን አያሳይም። ፈጅር አለመነሳት? ይህ ማስረጃ ቢሆን ኖሮ የሰፈሩ ግማሽ ታስሮ ነበር። ትንንሾቹ ከረጢቶችና በር ላይ የሚቆሙት ልጆች አንድ ላይ ሲታዩ ግን ይከብዳሉ። ወላጅ አይቶ እንዳላየ ሊያልፈው የሚገባ ነገር አይደለም፤ ልጅን ለእስር ለመስጠት ግን አይበቃም።

ታዲያ ወላጅ ክፍሉን መፈተሽ ይችላል? የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። የተከለከለው ስለላ ጎረቤት በጎረቤቱ፣ ሰው በሰው ላይ የሚያደርገው ነው። አባትና እናት ግን ዕድሜው ላልደረሰ ልጃቸው እረኛ ናቸው፤ ሁላችንም እረኞች እንደሆንንና ስለ መንጋችን እንደምንጠየቅ የሚናገረው የታወቀ ሐዲስ የቤት ኃላፊውን በስሙ ይጠቅሰዋል። እረኛ ጅብ የገባ ሲመስለው በረቱን ያያል። ስለዚህ በቂ ምክንያት ካለ የገዛ ቤታቸውን አንድ ክፍል ማየታቸው ስለላ አይባልም። ነገር ግን ስልኩን ሰብሮ ገብቶ፣ ያገኙትን ፎቶ አንስቶ ለአጎትና ለአክስት መላክ ሌላ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሙዓዊያ (ረ.ዐ) የሰዎችን ነውር እያሳደድክ ከተከታተልክ ታበላሻቸዋለህ የሚል ትርጉም ያለው ምክር ሰጥተዋል፤ አቡ ዳውድ ዘግቦታል። ፊቱ አንድ ጊዜ በዘመድ ሁሉ ፊት የተገለጠ ልጅ የሚያፍርበት ነገር አይቀረውም።

እንበልና አዩ፣ ጠየቁት፣ እውነት ሆኖ ተገኘ። ይሸጣል። አሁን አባት ልክ ናቸው ወይስ እናት?

የእናትን ማስረጃ በመጀመሪያ እንያዝ፤ ብዙ ሰው ከሚያስበው የበለጠ ጠንካራ ነው። ማዒዝ የሚባል ሰው በነቢያችን ዘመን ከባድ ኃጢአት ሠራ። ማዒዝ የቲም ሆኖ ያደገው በሀዛል ቤት፣ በሀዛል አሳዳጊነት ነበር። ወደ ነቢያችን ሄዶ እንዲናገር የመከረውም ይኸው ሀዛል ነው። ማዒዝ ሄደ፣ አመነ፣ ቅጣቱም ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሀዛል በልብስህ ሸፍነኸው ቢሆን ይሻልህ ነበር የሚል መልእክት ነገሩት። አስቡት፤ ያሳደገውን ልጅ ወደ ፍርድ የመራ ሰው ነው ይህን የሰማው።

የሶፍዋን ኢብኑ ኡመያ ታሪክም አለ። መስጂድ ውስጥ ሠላሳ ዲርሃም የሚያወጣ ልብሱን ተንተርሶ ተኝቶ ሳለ ሌባ ሰረቀው። ያዘውና ወደ ነቢያችን አመጣው። ቅጣቱ ሲታዘዝ ግን ሶፍዋን ደነገጠ፤ ለሠላሳ ዲርሃም ብሎ የሰው እጅ እንዲቆረጥ አልፈለገም፣ ልብሱን ለሌባው ልተውለት አለ። የተሰጠው መልስ ወደ እኔ ከማምጣትህ በፊት ለምን አላደረግከውም የሚል ነበር። አባቶች ይህን ታሪክ ሁለቴ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። በንዴት ጣቢያ የገባ አባት በማግስቱ "ይቅርታ አድርጌለታለሁ፣ ልውሰደው" ሲል መዝገቡ የእሱ አይደለም። ጉዳዩ አንዴ ዳኛ ዘንድ ከደረሰ የአባት ምሕረት በሩ ውጭ ይቆማል።

እና አባት ተሳስተዋል? አልተሳሳቱም። ሱረቱ አን-ኒሳእ 135ኛው አያ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በቅርብ ዘመዶቻችን ላይ ቢሆንም እንኳ በፍትሕ እንድንመሰክር ያዛል። የመኽዙም ጎሣ ሴት በሰረቀች ጊዜም ቁረይሾች የነቢያችንን ወዳጅ ኡሳማን (ረ.ዐ) ለምልጃ ሲልኩ፣ ነቢያችን ተቆጥተው የቀደሙት ሕዝቦች የጠፉት ትልቁ ሰው ሲሰርቅ እየተዉ ደካማው ሲሰርቅ ስለሚቀጡ እንደሆነ ነገሯቸው። የገዛ ልጃቸው ፋጢማ ብትሰርቅ እንኳ እንደማይተዉ ጨመሩበት። የሰው ልጅ ሲሸጥ "ይታሰር"፣ የራሳችን ልጅ ሲሸጥ "ይሸፈን" የምንል ከሆነ ይህ ሐዲስ እኛን ነው የሚያናግረው። ባለፈው ዓመት የጎረቤት ልጅ ሲያዝ "እሰይ!" ያለ ቤት ዛሬ ሲትርን ቢያስታውስ ለራሱ የመጣለት ዲን ነው ማለት ነው።

ሁለቱን ማስረጃዎች የሚያገናኘው የመርከቡ ሐዲስ ይመስለኛል፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። ሰዎች በአንዲት መርከብ ላይ ዕጣ ተጣጣሉ፣ ገሚሱ ላይ ገሚሱ ታች ሆነ። የታችኞቹ ውኃ ለመቅዳት ወደ ላይ መመላለስ ሰለቻቸውና የራሳችንን ድርሻ ብንበሳ ማንንም አናስቸግርም አሉ። ላይኞቹ ከተዉአቸው ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ግን ሁሉም ይድናሉ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። የሚበሳው ሰው "የራሴን ቦታ ነው" ቢልም ውኃው የሚገባው ለሁሉም ነው። መፍትሔ ተብሎ የተነገረው ደግሞ እጅ መያዝ ነው። ወደ ባሕር ወርውሯቸው አልተባለም።

ልጁ የሚያጨስ ብቻ ቢሆን ጉዳዩ የእሱና የጌታው፣ የእሱና የጤናው ነው። መሸፈን፣ ማሳከም፣ አብሮት መሆን ይገባል። አዘውትሮ ማጨስ፣ በተለይ በዚህ ዕድሜ ከተጀመረ፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የመጋለጥ ዕድልን እንደሚጨምር ሐኪሞች ያውቁታል። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል ለሱስ ሕክምና ይሰጣል፤ መሄዱም ነውር አይደለም። ሽያጭ ግን መርከቡን መብሳት ነው። እያንዳንዱ ከረጢት የሚገባው አንድ እናት ያለው ልጅ ኪስ ውስጥ ነው፤ ያቺ እናት ደግሞ ሱቅ ላይ የምትገናኙዋት፣ ለዒድ ምግብ የላከችላችሁ ልትሆን ትችላለች። ሲትር የሚሸፍነው ያለፈን ነውር ነው። ነገም ጠዋት ስምንተኛ ክፍል በር ላይ የሚቀጥልን ጉዳት ለመጋረድ አልተሰጠም።

ስለዚህ ለእህታችን የምለው ይህን ነው። ጥርጣሬ ብቻ እስካለ ድረስ ጣቢያ መሄድ የለም። እውነት መሆኑ ከታወቀ ሽያጩ ዛሬውኑ መቆም አለበት፤ የሚያቆመውም በመጀመሪያ ቤቱ ነው። ካቆመ በሲትር ውስጥ ይቆያል፣ ወላጆቹም የመጠቆም ግዴታ የለባቸውም። በቤቱም፣ በዘመድ ሽማግሌም፣ በሰፈሩ ኢማምም ተሞክሮ ካላቆመ፣ ለሌሎች ልጆች መሸጡን ከቀጠለ፣ ያን ጊዜ የአባትየው አያ ቦታውን ያገኛል፤ ዝም ያለ ወላጅ የጉዳቱ ተካፋይ ነው። መሣሪያ ካለ ወይም የሰው ሕይወት ላይ አደጋ ካለ ደግሞ ይህን ሁሉ ደረጃ መጠበቅ አያስፈልግም።

ቤቱ እንዴት ያቆመዋል? እዚህ ላይ ብዙ አባቶች የሚያውቁት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ቀበቶ። ሌላ መንገድ አለ። አንድ ወጣት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥቶ ዝሙት እንዲፈቅዱለት ጠየቀ። ሰዎቹ ጮኹበት። ነቢያችን ግን አቅርበው አስቀመጡትና ለእናትህ ትወደዋለህ፣ ለልጅህ፣ ለእህትህ፣ ለአክስትህ ትወደዋለህ እያሉ ጠየቁት፤ እሱም በየተራው አልወድም አለ። ከዚያ እጃቸውን አሳርፈውበት ዱዓ አደረጉለት። ኢማም አሕመድ የዘገቡት ነው። የ16 ዓመት ልጅ "ታናሽ እህትህ ሰባተኛ ክፍል ስትገባ አንድ ሰው ይህን ከረጢት ቢሸጥላት ምን ታደርገው ነበር?" ተብሎ ቢጠየቅና ሳይቋረጥ እንዲመልስ ቢተው፣ ከአንድ ሰዓት ስድብ የበለጠ ይሰማዋል። አባት በዚያው ሰዓት ጉንጫቸው ጫት ይዞ ከሆነ ግን ልጁ የሚያየው ጉንጩን ነው። ይህን በአክብሮት ነው የምለው።

የነቢዩላህ ያዕቁብንም (ዐ.ሰ) ነገር አስታውሱ። ልጆቻቸው የሐሰት ደም የተቀባ ቀሚስ ይዘው በማታ እያለቀሱ ሲመጡ አልተታለሉም። ነፍሳችሁ አንድ ነገር እንዳሳመረችላችሁ አውቃለሁ ዓይነት መልስ ሰጥተው፣ ያማረ ትዕግሥት ያዙ። ውሸቱን እውነት ነው ብለው አልተቀበሉም፣ ልጆቹንም ከቤት አላባረሩም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሂዱና ዩሱፍን ፈልጉ፣ ከአላህ እዝነት ተስፋ አትቁረጡ ብለው የላኩት እነዚያኑ ልጆች ነው። በመጨረሻም አጥፍተናል፣ ምሕረት ለምንልን ያሉት እነሱው ናቸው። ያዕቁብ በሩን ቢዘጉባቸው ኖሮ ወደ ማን ይመለሱ ነበር? "አላምንህም፣ ግን ልጄ ነህ" ማለት ይቻላል። ለአንድ ወላጅ ከባዱ ዓረፍተ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ቤት ውስጥ የተገኘው ዕቃ አንድ ሌሊት አይደርም። ኸምር በተከለከለ ጊዜ ሶሓቦች በመዲና ጎዳና ላይ ደፍተውታል። አቡ ጦልሓ (ረ.ዐ) የቲሞች ስለወረሱት ኸምር ሲጠይቁ እንኳ የታዘዙት እንዲደፉት ነው። የየቲም ገንዘብ ያልተማረለት ነገር ለማንም አይማርም። ለሰጠው ሰው መመለስም ያው ለሌላ ልጅ መላክ ነው።

ግን እዚህ ላይ ወላጆች የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ እናንተ ወጣቶች ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ዕቃውን ብዙ ጊዜ በጥሬ ብር አይገዛም፣ በዱቤ ነው የሚሰጠው። ዕድሜው የበሰለ ሰው "የሻሸመኔ ነው፣ ቶሎ ያልቅልሃል፣ ሸጠህ ክፈለኝ" ይለዋል። እናት ዕቃውን ሽንት ቤት ሲደፉ ልጁ ነጻ አልወጣም፤ ዕዳ ውስጥ ገባ። ያ ሰው ይደውላል፣ ይዝታል፣ ልጁም ዕዳውን ለመክፈል ድጋሚ ይሸጣል። ወላጆች "ምለህልን አልነበር እንዴ?" ይላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ለምን ታዋርደናለህ?" ሳይሆን "ስንት ዕዳ አለብህ? የማን?" መሆን አለበት። ሐራም ዕቃ የተሸጠበት ዱቤ በሸሪዓ ዕዳ አይባልም፤ ዝም ብሎ ከፍሎ መገላገልም አያዋጣም፣ የተከፈለው ሰው ቤቱ እንደሚከፍል ስላወቀ ተመልሶ ይመጣል።

ጥቆማው የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። በልጆች እጅ ጋንጃ የሚያከፋፍል አዋቂ ሰው ላይ ሲትር የለም። አባት ያን ንዴታቸውን ይዘው፣ ከዘመድ አንድ ብልህ ሰውና ቢቻል ጠበቃ ጨምረው፣ ስለዚያ ሰው ለፖሊስ ቢናገሩ ልጃቸውንም የሌሎችንም ልጆች እጅ ያዙ ማለት ነው። ጠበቃው የሚያስፈልገው ልጁ ምን ያህል እንደሚነካ አስቀድሞ ለማወቅ ነው።

ሕጉንም በጨረፍታ እንወቀው፤ ብዙ ወላጅ "ሁለት ቀን አስረው ያስፈራሩልኛል" ብሎ ነው የሚሄደው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ መሸጥንና ማዘዋወርን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና በገንዘብ መቀጮ ይቀጣል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በልዩ የጥበቃና የማረሚያ እርምጃ ይታያል። ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ግን በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኛል፤ ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን አይቶ ሊያቀልለት ይችላል። የእህታችን ወንድም 16 ነው፤ ያለው እዚህኛው ውስጥ ነው። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ያለመናገር መብት እንዳለው፣ ወደ ማረሚያ የሚገቡ ወጣት አጥፊዎችም ከአዋቂ ተለይተው እንዲያዙ ይላል። ለታዳጊ ብቻ የተዘጋጀ ማረሚያ ግን በየከተማው አይገኝም። እናትን የሚያረጋጋ አንድ ነገርም አለ፤ ወንጀልን አለማመልከት ራሱ የሚያስቀጣው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል ላይ ነው። ልጃቸውን ባለመጠቆማቸው ብቻ ወንጀለኛ አይሆኑም። ዕቃውን አውቀው ቢያስቀምጡለት ወይም ገንዘቡን ቢይዙለት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በውጭ ያላችሁ ተከታታዮቻችን ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያልና ከጠበቃ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ "እዚህ ተፈቅዷል" አትበሉ። ለምሳሌ በሚኒሶታ ከኦገስት 2023 ጀምሮ የተፈቀደው 21 ዓመት ለሞላው ነው፤ ዜግነት የሌለው ሰው ደግሞ በዕፅ ሽያጭ ጥፋተኛ ከተባለ ከአገር እስከመባረር ይደርስበታል። ሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ ዕፅ ማዘዋወር እስከ ሞት ያስቀጣል። እዚያ ያለ ወላጅ ከመጠቆሙ በፊት ማሰብ ያለበት ከእኛ በብዙ እጥፍ ነው፤ ልጁን በፍጥነት የማስቆም ኃላፊነቱም እንደዚያው።

ለእናንተ ለወንድሞችና ለእህቶች፣ ለጓደኞች። ካወቃችሁ መጀመሪያ ለራሱ ንገሩት፣ ለብቻው። ወንድምህን በዳይም ሆኖ ተበዳይም ሆኖ እርዳው የሚለውን መልእክት ሶሓቦች በሰሙ ጊዜ በዳይ ሲሆን እንዴት ነው የምንረዳው ብለው ጠይቀዋል፤ መልሱ ከበደሉ በመከልከል ነው። ቀን ስጡት፣ ግን አጭር ቀን። "እስከ ሚቀጥለው ጁሙዓ ካላቆምክ ለአባዬ እናገራለሁ" ማለት ነሚማ አይደለም። ነሚማ ሰውን ከሰው ለማጣላት ወሬ ማመላለስ ነው፤ ይህ ግን ጉዳትን ሊያስቆም ለሚችል ሰው መንገር ነው። ለማን እንደምትነግሩም ምረጡ፤ አባት ሲናደዱ እጃቸውን የማይቆጣጠሩ ከሆነ ልጁ ለሚያከብረው አጎት ወይም ኡስታዝ ንገሩ። ቪዲዮ ቀርጻችሁ ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ መለጠፍን ግን ተዉት። ልጁ ቢመለስ እንኳ ቪዲዮው አይመለስም።

እና አንተ፣ የምትሸጠው ወንድሜ። እስካሁን ማንም ሳያውቅብህ የቆየኸው በብልጠትህ አይደለም፤ አላህ ሸፍኖህ ነው፤ የሸፈነህም እንድትመለስ ነው። ተውባ ማቆም፣ መጸጸትና ላለመመለስ መቁረጥ ነው፤ እጅህ ላይ ያለው ገንዘብም አንተ ዘንድ አይቀርም። ዑለሞች እንዲህ ያለውን ገንዘብ የሶደቃ አጅር ሳይጠብቁበት ለድሆች ወይም ለሕዝብ ጥቅም አውጥቶ መገላገል ነው ይላሉ፤ በተለይ እናትህ እጅ ላይ ለአስቤዛ እንዳታደርገው። ደንበኞችህ የሚደውሉበትን ሲም ስበረው። ከዚያ ዛሬ አባትህ ከጁሙዓ ሲመለሱ፣ ቤቱ ሰው ሳይሞላው፣ አጠገባቸው ተቀመጥና ዕዳህ ስንት እንደሆነና የማን እንደሆነ ቁጥሩን ሳትቀንስ ንገራቸው። መጀመሪያ ይጮሁ ይሆናል። እስኪጨርሱ አትነሳ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።